የት ደረሰ?

ሰኔ 23፣ ሰኞ

ዛሬ ሥራ አስኪያጁ ጠርቶ አስቀመጠኝ። ወንበር ሲስብልኝ ነገሩ ደህና እንዳልሆነ ገባኝ፤ ሌላ ጊዜ አቁሞ ነው የሚያናግረኝ።

"ጋሼ፣ የእርስዎ ክፍል ወደ ኋላ ቀርቷል" አለ።

የእኔ ክፍል የጡረታ ፋይል ያጣራል። ሰው ዕድሜ ልኩን ሠርቶ ሲወጣ፣ የአገልግሎት ዘመኑን ከየወረቀቱ ለቅመን ደምረን እስክናጸድቅለት ድረስ ቤቱ ተቀምጦ ይጠብቃል። የተጠራቀመው ፋይል እስከ ነሐሴ መጨረሻ ካላለቀ ክፍሉ ይፈርሳል፤ ሰዎቼም እየተነጠሉ ወደየቅርንጫፉ ይበተናሉ።

"ሰዎቼ ሰነፍ አይደሉም" አልኩት።

"እኔም አላልኩም። እየተናጠቡ ነው። አንዱን ፋይል ጀምረው ሳይጨርሱ ይነሳሉ። ማን ሥራ እንደሚያስፈታቸው ይድረሱበትና ያስቁሙልኝ።"

እውነቱን ነው። እኔም ይህን ስል ዓመታት ሆኖኛል፤ የሚሰማኝ አጥቼ እንጂ።

ባለቤቴ ትናንት ልጃችን ዘንድ ሄደች። ልጃችን ወልዳለችና ለአንድ ወር ልታግዛት ነው። ማታ ማታ ቤቱ ጸጥ ስለሚል ይህን ደብተር ጀመርኩ። ለሥራ ማስታወሻ ብቻ ነው።

ሰኔ 25፣ ረቡዕ

ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጬ ስመለከት ዋልኩ።

መነጽር የምንላት ሂሳብ አጣሪያችን አለች። መነጽሯ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ነው የሚኖረው፤ እስካሁን አለመውደቁ ይገርመኛል። ዛሬ የያዘችው የአንድ ጥበቃ ፋይል ነበር። ሰውየው ያልሠራበት መሥሪያ ቤት የለም። ዓመቱን ከዓመት፣ ወሩን ከወር፣ ቀኑን ከቀን ስትደምር ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። በዚህ መሀል ሬዲዮ ይመጣል። ሬዲዮ ፋይል አመላላሻችን ነው። ከማን እንደሚሰማ ሳይታወቅ ሁሉን ያውቃል፤ ማጥፊያው ደግሞ የት እንዳለ አልታወቀም።

"ሰማሽ? ሦስተኛ ፎቅ ያለው ሰውዬ መኪናውን ሸጠ" አላት።

ቀና አለች። ከዚያ በኋላ እርሳሷን አንስታ ከመጀመሪያው ወረቀት ጀመረች። ይኸው ነው ሥራችን። አንድ ቃል ጣልቃ ሲገባ ድምሩ ይጠፋል።

እየዞርኩ እያንዳንዳቸውን "ማን አቋረጠህ? ማን አቋረጠሽ?" ብዬ ጠየቅሁ። ቀጥ ያለ መልስ የሰጠኝ የለም። መነጽር ከመነጽሯ በላይ ለረጅም ጊዜ አየችኝና "ልብ አላልኩም፣ ጋሼ" አለች። ጥየቃው ብቻ እስከ ምሳ ወሰደኝ። ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ የአንዱን ጉድ ይሸፍናል።

ሰኔ 26፣ ሐሙስ

ስብሰባ። ፋይል ንቅንቅ አላለም። ራስ ምታት። ሬዲዮ፣ ሬዲዮ፣ ሬዲዮ።

ሰኔ 28፣ ቅዳሜ

ባለቤቴ ደወለች። ሕፃኑ ይተኛል፣ ይጠባል፣ ደህና ነው። "እኔ ደግሞ እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ሳስበው..." ብላ ስትጀምር የሥራ አስኪያጁ ነገር ትዝ አለኝ። ከወንበሩ አሳሳብ ጀምሬ አንድም ሳላስቀር ተረኩላት። ስለ ሬዲዮም ነገርኳት፤ የመኪናውን ወሬ ሳስመስልላት ራሴው ሳቅሁ። ቆይቼ "ምን ልትይኝ ነበር?" ብላት "ይደር" አለች። ብዙ አወራን። ደስ ብሎኝ ነው ስልኩን የዘጋሁት።

ከዚያ የሸሚዜ አዝራር ተበጥሶ መርፌ ስፈልግ የባለቤቴን ቆርቆሮ ከፈትኩ። ልብስ ሰፊ ናት፤ በቆርቆሮው ውስጥ ያልተጠራቀመ ዓይነት አዝራር የለም። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ነጭ። ከሥር ደግሞ ትልልቅ ጥቁር የካፖርት አዝራሮች። መርፌዬን እንደያዝኩ ሐሳቡ መጣልኝ! ሸሚዜን ሳልሰፋ ቀረሁ።

ሰኔ 30፣ ሰኞ

አዝራሮቹን አከፋፈልኩ። ሕጉ ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ቀለም አለው፤ በየጠረጴዛው ደግሞ አንድ ብርጭቆ አለ። ሰው ሥራ ላይ ያለን ሰው ካናገረ የራሱን አዝራር ሰውየው ብርጭቆ ውስጥ ይጥላል። ቅዳሜ ጠዋት እናያለን። የማን ቀለም እንደበዛ ብርጭቆው ይናገራል።

ለሬዲዮ ቀዩን ሰጠሁት፤ ከሩቅ እንዲታይ።

"እንዲህ ብዙ የሰጡኝ ተስፋ ቆርጠውብኝ ነው?" አለና እፍኙን አየው።

ሁሉም ሳቁ። መነጽር ግን እጇን አነሳች። "የእርስዎስ ቀለም የትኛው ነው፣ ጋሼ?"

"አለቃ ሲጠይቅ ሥራ ነው እንጂ ወሬ አይደለም" አልኳት። ጉዳዩ እዚያው ተዘጋ። ጥቁሮቹን ቆርቆሮው ውስጥ ተውኳቸው።

ሐምሌ 2፣ ረቡዕ

ጥሩ ነው። ጸጥታ አለ። በየሰዓቱ ዞሬ "የት ደረሰ?" እያልኩ አበረታታለሁ። ዓይን ካልተጣለበት ነገሩ በሦስተኛው ቀን ይረሳል።

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

እንደጠረጠርኩት ነው። ብርጭቆዎቹ ውስጥ ካለው የሚበዛው ቀይ ነው። ግን ጠቅላላው ራሱ ትንሽ ነው፤ ታች ላይ ነው የቀረው። ታዲያ ያለቀው ፋይል ለምን አልጨመረም? ይህ አልገባኝም።

ማታ ባለቤቴ ደወለች። የአዝራሩን ዘዴ ነገርኳት።

"ቆርቆሮዬን ከፈትክ?"

"ጥቁሮቹን አልነካሁም።"

"የጥቁሮቹን ነገር ታስታውሳለህ?"

"አዎ፣ ካፖርት ልትሰፊልኝ..." አልኩና ካፖርት ሲነሳ ጣራው ማፍሰስ እንደጀመረ ትዝ ስላለኝ እሱን ነገርኳት። ከኮርኒሱ ሥር ባልዲ አስቀምጫለሁ። የካፖርቱን ጉዳይ አልጨረስነውም።

ሐምሌ 7፣ ሰኞ

ሬዲዮን ወደ ፋይል መጋዘን አዛወርኩት። ምድር ቤት ነው፤ ከመደርደሪያ በቀር የሚያነጋግረው የለም። ጠረጴዛውን ራሱ እየገፋ ሲወርድ ደረጃው ላይ ዞር አለ።

"ጋሼ፣ ከፋይሎቹ ጋር ማውራት ይፈቀዳል?"

"መልስ እስካልሰጡህ ድረስ" አልኩት።

ሳቀ። ዓይኑ ግን አልሳቀም። አንጀቴን በላኝ፤ ምን ላድርግ? ክፍሉ ከሚፈርስ አንድ ሰው ቢከፋው ይሻላል። ማታም ይኸው ፊቱ መጣብኝ።

ሐምሌ 10፣ ሐሙስ

ሬዲዮ ከሄደ ወዲህ ዝንብ ሲበር ይሰማል። ፋይሉ ግን ያው ነው። ምን ጉድ ነው ይሄ? ዛሬ መነጽር ጋ ሄጄ አንድ በአንድ እንድታስረዳኝ አደረግሁ። ከዚያ አጠገቧ ወደሚሠራው ጎረቤቷ ሄድኩ። ከዚያ ተመልሼ አንድ የረሳሁትን ጠየቅኋት።

ከመታጠቢያ ቤት ስመለስ ኮሪደሩ ላይ ከክፍላችን አንዱ "ኧረ ደወሉ መጣ" ሲል ሰማሁ። ስገባ ሁሉም አቀርቅረዋል። በዚህ ሕንጻ ደወል የሚባል ነገር የለም። ስለ ስልክ መሰለኝ፤ የስልኩን ድምፅ እንዲቀንሱ ነገርኩ።

ሐምሌ 18፣ ዓርብ

ሥራ አስኪያጁ ራሱ መጣ። በየብርጭቆው ጎንበስ እያለ አየ።

"አዝራሩ ያምራል፣ ጋሼ" አለ። "ፋይሉስ?"

ምን ልበለው? መነጽር እርሳሷን እንደያዘች አንገቷን ደፋች። ጎረቤቷ ባለቤቱ እዚህ ከተማ ነው የምትሠራው፤ ወደ ቅርንጫፍ ከተላከ ትዳሩን ለሁለት ሊከፍለው ነው። ያን ያህል ይሠራል፤ አይቻለሁ። ጥፋቱ የት ነው ያለው? እኔ ያላደረግሁት ምን አለ?

ቤት ገብቼ ራት ሳልበላ ተቀመጥኩ። ባልዲው ውስጥ ጠብ ጠብ ሲል ቢያንስ ድምፅ አለ።

ሐምሌ 20፣ እሁድ

ባለቤቴ በመጪው ሳምንት ትመለሳለች ብዬ ነበር። ዛሬ ስደውል ልጄ ናት ያነሳችው።

"አባዬ፣ እማዬ ትንሽ ትቆያለች።"

"ሕፃኑ ታመመ እንዴ?"

"ሕፃኑ ደህና ነው። አባዬ... እሷ ስትነግርህ አስጨርሳት፣ እሺ?"

"መቼ ነው ያላስጨረስኳት?"

ልጄ ስልኩን ለእናቷ አቀበለች። ባለቤቴ "እንግዲህ ልቆይ ያልኩበት ምክንያት..." አለች። እኔም እንዳትጨነቅ ብዬ "ገባኝ፣ ገባኝ፣ አራስ ቤት ሥራው አያልቅም፤ ለኔ አታስቢ" አልኳት። እሷም "እሺ" አለች። "እሺ" ስትል ድምጿ ትንሽ ነበር። ደክሟት ይሆናል።

ሐምሌ 23፣ ረቡዕ

ዛሬ መነጽር በሥራ ሰዓት ማብቂያ ላይ ቢሮዬ ገብታ በሩን ዘጋች። በሩን ስትዘጋ የመጀመሪያዋ ነው።

"ጋሼ፣ አይቀየሙኝም?"

"ተናገሪ።"

"ለእርስዎም ቀለም ይሰጥዎት።"

ሳቅሁ። አልሳቀችም።

"የጥበቃው ፋይል ገና ጠረጴዛዬ ላይ ነው" አለች። "ልዘጋው ስል ‹የት ደረሰ?› ይሉኛል። የት እንደደረሰ ስነግርዎ ይጠፋብኛል። እንደገና ስጀምር ደግሞ ተመልሰው ይመጣሉ። ሬዲዮ በቀን አንዴ መጥቶ ወሬውን ጥሎ ይሄድ ነበር። እርስዎ ግን..." አላለቀላትም። ወይም እኔ ነኝ ያላስጨረስኳት፤ "እኔ ላበረታታችሁ ብዬ ነው!" ብዬ ጮህኩ መሰለኝ።

"ይሞክሩት። አንድ ቀን ብቻ" አለችና ወጣች።

ግልፍተኛ ነች። ነገ ጥቁሮቹን ወስጄ ስህተቷን አሳያታለሁ። እነዚያን ትልልቆቹን፤ ማንም አላየሁም እንዳይል።

ሐምሌ 24፣ ሐሙስ

ጥቁሮቹ ከምሳ በፊት አለቁ።

ሐምሌ 25፣ ዓርብ

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም። ዛሬ ልሞክር።

ጠዋት ኪሴን በአዝራር ሞልቼ ገባሁ። በልቤ እስከ ማታ እንኳ ሩቡን አልጨርስም ብዬ ነበር። "እንደምን አደራችሁ" ብዬ ከገባሁ በኋላ እያንዳንዱን እንዴት እንዳደረ ጠየቅሁ፤ ለእያንዳንዱ አንድ። መነጽርን የት ደረሰ አልኳት፤ አንድ። ጎረቤቷ ሲያስነጥስ "ብርድ መታህ?" አልኩት፤ አንድ። መስኮት ይከፈት ወይስ ይዘጋ? ለሁሉም። ያየሁትን ሕልም ለመነጽር ጀመርኩላት። ሕልም! እጄ ኪሴ ገብቶ ባዶ ሲወጣ ብርጭቆዎቹን ቀና ብዬ አየሁ። ያ ሁሉ ቀይ ቢጫ የነበረው በጥቁር ተውጧል።

ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

ደወሉ እኔ ነኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ ጎረቤት ሁሉ ሰምቶ እኔ የስልክ ድምፅ ቀንሱ እላለሁ።

ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ ግን አላወቅሁም። ለምን ነው እንዲህ የምዞረው? ሥራው ይደርሳል አይደርስም የሚለው ጭንቀት ነው አልኩ ለራሴ። ግን ሕልሜን ለመነጽር የምነግራት ምን ይደርስልኛል ብዬ ነው? እውነቱን ለመጻፍ ያህል፣ ቤት የሚሰማኝ የለም። ጠዋት ቢሮ ስገባ አፌ ሌሊቱን ሙሉ ተዘግቶ አድሮ ነው።

ሐምሌ 28፣ ሰኞ

ምድር ቤት ወረድኩ። ሬዲዮ መጋዘኑን ያን ያህል አሰናድቶ ሳይ ደነገጥኩ። ያናገረው ሰው ስላልነበረ ይሆናል።

"ወደ ላይ ተመለስ" አልኩት።

"ጥቁር አዝራር በዛ ሲሉ ሰማሁ" አለ። እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ እንኳ ይሰማል!

"ይቅርታ" አልኩት።

"ምንም አይደል፣ ጋሼ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ነው ነገሩ።" ከዚያ አፉን ያዘ። "ውይ!"

ሁለታችንም ሳቅን። ጠረጴዛውን አብረን ደረጃ አወጣነው፤ ወገቤ እስካሁን ያመኛል። ሕጉን አሻሻልነው። እስከ ምሳ ማንም ማንንም አያናግርም፤ አለቃም ቢሆን። ሬዲዮ ወሬውን ለምሳ ሰዓት ያቆየዋል፤ እንደውም ሲቆይ ይጣፍጣል ይላል።

ነሐሴ 1፣ ሐሙስ

በሬን ዘግቼ ዋልኩ። ጥያቄ ሲመጣብኝ በወረቀት ጻፍኩት። ከምሳ በኋላ ስመለከተው አብዛኛው ጥያቄ አልነበረም፤ "አለሁ" ለማለት ነበር።

ነሐሴ 8፣ ሐሙስ

የጥበቃው ፋይል ተዘጋ። ሰውየው ራሱ መጥቶ ፈረመ። መነጽር መነጽሯን አውልቃ ጠረገች፤ ያለሱ ሳያት ፊቷ የማላውቀው ሆነብኝ። ፋይል መንቀሳቀስ ጀምሯል። እንዲያ መሮጡ ገረመኝ፤ ትንሽም ቅር አለኝ፤ ያለ እኔ ይቻላል ለካ።

ነሐሴ 10፣ ቅዳሜ

ባለቤቴ ደወለች። አሁንም ትንሽ ትቆያለች። የጥቁሮቹን ነገር ነገርኳት፤ ትስቃለች ብዬ። አልሳቀችም።

"ያ ካፖርት ለምን እንዳልተሰፋ ታውቃለህ?" አለችኝ።

"ጨርቁ አንሶ አይደል?" አልኳት ወዲያው።

"እሺ፣ ጨርቁ አንሶ ነው።"

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ተነስቼ ቁም ሣጥኑን ከፈትኩ። ተቆርጦ የተጣጠፈው ጨርቅ ከታች አለ። አንድ እጅጌ ተሰፍቶ ሁለተኛው ተጀምሮ ቀርቷል። ጨርቁ አላነሰም፤ ተርፏል። ያኔ ማሽኗ ጋ ስትቀመጥ በሩ ላይ ቆሜ የምላት ትዝ አለኝ። "የት ደረሰ?"

ጨርቁን መልሼ አጣጠፍኩት። የዛሬውን እዚህ ላቁም።

ነሐሴ 22፣ ሐሙስ

ጥድፊያ። ሁሉም አቀርቅረዋል። ጥሩ። ሬዲዮ ምሳ ላይ የነገረን ወሬ ሊገድለን ነበር በሳቅ። እኔ አንድ ቃል አልጨመርኩበትም፤ መጨረሻው መጀመሪያ ካሰብኩት ይልቅ ያስቅ ነበር።

ነሐሴ 30፣ ዓርብ

የመጨረሻው ፋይል ከሰዓት በኋላ ወጣ። ሥራ አስኪያጁ መጣ፤ ባዶውን መደርደሪያ በመዳፉ ዳሰሰው። ክፍሉ አይፈርስም። የመነጽር ጎረቤት ለባለቤቱ ሊደውል እየሮጠ ወጣ። ሬዲዮ "ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ ይኸው የዘንድሮው ጉድ፣ ጋሼ ዝም አሉ" አለ። ጠረጴዛ እስኪንቀጠቀጥ ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ።

መጀመሪያ የመጣልኝ ለባለቤቴ ልንገራት የሚል ነበር። ቃላቱን ሁሉ መንገድ ላይ አዘጋጀሁ። በር ላይ ስደርስ ቁልፌን እንደያዝኩ ቆምኩ። ነገ ነው የምትደውለው። የእሷ ተራ ነው።

ጳጉሜ 1፣ ቅዳሜ

ስልኩ ከመጥራቱ በፊት ከቢሮ መልሼ ያመጣኋቸውን ጥቁር አዝራሮች በቀኝ ኪሴ ከተትኩ። አንድ ነገር ልናገር በመጣብኝ ቁጥር አንዱን ወደ ግራ ኪሴ ላሳልፍ ብዬ ነው።

ደወለች። ደህንነት ተጠያየቅን።

"የዛሬ ሁለት ወር ልነግርህ የጀመርኩት ነገር ነበር" አለች።

አንድ አዝራር አሳለፍኩ።

"ልጅቷ አልጠራችኝም። እኔ ነኝ ልምጣ ያልኳት።"

ሌላ አሳለፍኩ።

"አለህ?"

"አለሁ።"

"ዝም ስትል መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ።" አለችና ቀጠለች። "እዚያ ቤት አንድ ነገር ጀምሬ ጨርሼ አላውቅም። ጨርቅ ስዘረጋ በሩ ላይ ነህ። ወሬ ስጀምር አንተ ትጨርስልኛለህ፤ ያውም እኔ በማልለው። ክፉ ሆነህ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ብቻህን መሆን አትችልም። እኔ ግን የራሴን ድምፅ መስማት ፈለግሁ። እዚህ ሕፃኑን አቅፌ ሳወራ ዓይን ዓይኔን እያየ ይሰማኛል። በዚያ ብቻ የማለቅስበት ቀን አለ።"

ጣራው እንደተሠራ ልነግራት ነበር። አሳለፍኩ። ክፍሉ እንዳልፈረሰ። አሳለፍኩ። ጨርቁን ማየቴን፣ አለማነሱን። እኔም እኮ ከፍቶኛል፣ ቤቱ ጨለማ ነው፣ ነይ። አሳለፍኩ፣ አሳለፍኩ። ቀኝ ኪሴ ሲያልቅ የመጨረሻውን በጣቶቼ ያዝኩት፤ ትልቅ ነው፣ ለብርድ የተሠራ።

"ልመለስ አልመለስ ገና አላውቅም" አለች። ከዚያ ድምጿ ተለወጠ። "ምነው? ምንም አትልም?"

"ጨርሺ ብዬ ነው።"

ትንፋሿ በስልኩ ይሰማኛል። እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች መለየት አልቻልኩም፤ አልጠየቅሁም።

"ለዛሬ ይበቃኛል" አለች በመጨረሻ። "ነገም እደውላለሁ። ገና አልጨረስኩም።"

የግራ ኪሴን አዝራሮች ወደ ቀኝ መለስኳቸው።